ክትባቱ የመንጋውን መንገድ ይከተል

ለአማራ፣ ለአፋር እና ለትግራይ ክልሎች የግብርና፣ የእንስሳት ሀብትና የጤና ቢሮዎች
ግልባጭ፦ ለግብርና ሚኒስቴር፤ ለጤና ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን በጋራ ስለመከላከል



ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጉዳዩን ለብቻው የሚረከብ ቢሮ ስለሌለ ነው። አባ ሰንጋ ሲነሣ የታመመው በሬ የግብርና ቢሮ፣ ሥጋውን በልቶ የታመመው ሰው የጤና ቢሮ፣ በሬው ተነድቶ የመጣበት መንገድ ደግሞ የጎረቤት ክልል ጉዳይ ይሆናል። ሁሉም በየበኩሉ ሪፖርት ይጽፋል። ሪፖርቶቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙት ግን፣ ከተገናኙም፣ በሽታው የሚገድለውን ገድሎ ካለፈ በኋላ ነው። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ እነዚህን በሽታዎች ለመከላከል የምታወጡት ዕቅድ በክልል ወሰን መለካቱ ይቅርና መንጋው በሚሄድበት የግጦሽ፣ የውሃና የገበያ መስመር ይለካ። ለመጀመሪያም የወሎን ደጋ ከአፋር ቆላ ጋር የሚያገናኘውን መስመር ውሰዱ። ምክንያቴን ከነማስረጃው አቀርባለሁ፤ ልትቃወሙኝ የምትችሉባቸውንም ነጥቦች አልዘልም።

መስመሩን ታውቁታላችሁ። የባቲ ገበያ ሰኞ ይውላል፤ የሰንበቴው እሑድ። ከቆላው ግመል፣ ፍየልና ቅቤ ይወጣል፤ ከደጋው እህል ይወርዳል። ባቲ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ብትሆንም ገበያዋን ገበያ ያደረገው የአፋር አርብቶ አደር መምጣት ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ የሚወርደው አስፋልት ደግሞ እዚያ የተገዛውን እንስሳ በጭነት መኪና ወደ ጅቡቲ አውራ ጎዳና ያደርሰዋል። ካርማ የሚባለው የቆላው ዋና ዝናብ ሲያጥር የአፋር መንጋ ወደ ወሎ ተራሮች ግርጌ ይጠጋል፤ ሲዘንብ ይመለሳል። ወደ ሰሜን ከፍ ብንል አበርገሌ የሚባል አገር በአማራ ክልል ዋግ ኽምራም በትግራይም አለ፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ፍየልም ከወሰኑ በሁለቱም ወገን የሚረባ ዝርያ ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም. የናሙና ጥናት አገሪቱ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት፣ ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየል፣ 43 ሚሊዮን ገደማ በግና 8 ሚሊዮን ገደማ ግመል እንዳላት ገምቷል። ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉ በዓመት ውስጥ የክልል ወሰን እንደሚሻገር በየቢሯችሁ ያለው መዝገብ አይነግራችሁም፤ ምክንያቱም መዝገቡ እንስሳውን የሚያውቀው በተቆጠረበት ወረዳ እንጂ ባለፈበት መንገድ አይደለም።

ይህ ለምን እንደሚከፋ ለማየት ከአባ ሰንጋ የተሻለ ምሳሌ የለም። የበሽታው ተሕዋሲ በእንስሳው ደም ውስጥ ይራባል። በድኑ ሳይከፈት ከተቀበረ ወይም ከተቃጠለ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ከተከፈተ ግን ደሙ መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ተሕዋሲው አየር ሲያገኝ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘር ይሆናል፣ ያም ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የታረደ አንድ የታመመ በሬ ያንን የግጦሽ ሜዳ ለሚቀጥለው ትውልድ ጭምር ይበክለዋል። መድኃኒቱ በየዓመቱ የሚደገም ክትባት ነው፤ እሱም ከውጭ የሚለመን ሳይሆን እዚሁ ቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረት ነው። ችግሩ ያለው በቀኑ ላይ ነው። ደጋው በአንድ ወር፣ ቆላው በሌላ ወር ሲከትብ በመካከል ያለውን መንጋ ሁለቱም ዘመቻዎች ሊያልፉት ይችላሉ፤ ደጋው ሲከትብ ቆላ፣ ቆላው ሲከትብ ደጋ ይሆናልና። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ወረዳዎች ዕቅዳቸውን አሳክተዋል። የክትባት ሽፋን የሚሰላው በቋሚነት አለ ተብሎ በተገመተው ከብት ቁጥር ስለሆነ ያልነበረው መንጋ እንዳልነበረ የሚያሳይ ዐምድ በሪፖርቱ ላይ የለም። አሳካነው የምንለው መቶኛ በሽታው ከሚዞርበት መንጋ ጋር ላይገናኝ ይችላል ማለት ነው።

ወደ ሰው ስንመጣ ጉዳዩ ከመርፌና ከብልቃጥ ያለፈ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በክት አይበላም። ይህ የቆየ ሥርዓት ብዙ ሰው ከብዙ በሽታ ጠብቋል፤ ነገር ግን ሌላ ገጽ አለው። በሬው መሞቱ እንደማይቀር የታየው ገበሬ ሥጋው በክት ከመሆኑ በፊት ቢላዋ ያነሣል። ጎረቤት ደግሞ የወደቀበትን ሰው ለመደገፍ ሥጋውን በቅርጫ ይከፋፈለዋል። በሬው በአባ ሰንጋ የታመመ ከሆነ የመንደሩ ደግነት በሽታውን በየቤቱ ያዳርሰዋል። ይህን ሰው «አላዋቂ» እያሉ መስደብ ቀላል ነው፤ በአንድ በሬ ዓመቱን የሚያርስ ቤተሰብ ያንን በሬ ሲያጣ ሥጋውን ቅበር የሚለው ባለሙያ በምትኩ ምን ይዞለት እንደመጣ መጠየቅ ግን ይከብዳል። በቆዳ በኩል የሚይዘው የአባ ሰንጋ ዓይነት ካልታከመ ከመቶ ታማሚ ከ10 እስከ 20 የሚሆነውን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜው በተለመደ ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ከታከመ ሞቱ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ የጤና ጣቢያው ነርስ ያንን ጥቁር ቁስል ስታይ አባ ሰንጋን ማሰቧ ነው። ታስበው ዘንድ ደግሞ ወንዝ ማዶ ባለው ወረዳ ባለፈው ሳምንት ከብት መሞቱን መስማት አለባት። ማን ይነግራታል? ከብቱ የሞተበት ወረዳ የእንስሳት ሐኪም ለዞኑ፣ ዞኑ ለክልሉ፣ ክልሉ ለአዲስ አበባ ይልካል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጎረቤት ክልል ጤና ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያዋ የሚወርድበት መንገድ ግን በተግባር አይታይም።

የውርጃ በሽታ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ዝም ያለ ነው። ላሟ፣ ፍየሏ ወይም ግመሏ ትጨነግፋለች፤ ወተቷ ሳይፈላ ይጠጣል፤ ጠጪውን በየጊዜው እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ይይዘዋል። ቆላ ውስጥ ትኩሳት ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ ነው፤ ወባ ካልተገኘም ብዙ ጊዜ በታይፎይድ ይታከማል። ይህ የጤና ባለሙያው ድክመት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቀበሌ በዚያ ወቅት ስንት ፍየል እንደጨነገፈ የሚያውቀው ሰው ሌላ ቢሮ ውስጥ፣ አንዳንዴም ሌላ ክልል ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በጋራ ተቀምጠው ለአገሪቱ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት ከእንስሳት የሚተላለፉ በሽታዎች ሲመርጡ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋና የውርጃ በሽታ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ምርጫው ትክክል ነበር። የጎደለው ከአዲስ አበባው አዳራሽ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርድ መሰላል ነው።

ወሰን ተሻጋሪ ሥራ ምን ሊያደርግ እንደሚችልና ሲቀር ምን እንደሚሆን ከእኛ ታሪክ በላይ የሚያስተምር የለም። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በምፅዋ በኩል ገብቶ አብዛኛውን የአገሩን ከብት ጨረሰ፤ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን ረኃብም አመጣ። በሽታው ሰውን አይዝም፤ ነገር ግን በሬውን ገድሎ ሰውን በረኃብ ስለጨረሰ የከብት ጤና የሰው ጤና መሆኑን ከዚያ ወዲያ ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 ብዙ የአፍሪካ አገሮች በጋራ ዘምተውበት በሽታው ሊጠፋ ተቃረበ። ከዚያ ዘመቻው ቆመ፤ ክትባቱ ሳሳ፤ በየአገሩ ጠረፍ ላይ በቀሩ ጥቂት የተደበቁ ቦታዎች ውስጥ የቆየው በሽታ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ አህጉሩን አዳረሰ። ከእነዚያ ቦታዎች አንዱ የአፋር ቆላ ነበር። የመንግሥት የክትባት ቡድኖች በመኪናና በበረዶ ሣጥን የሚደርሱበት ቦታ ስላልነበረ ከደጋው ቢጸዳም ከዚያ እየወጣ ይመለስ ነበር። መጨረሻ ላይ መፍትሔ የሆነው ሙቀት የሚቋቋም ክትባትና ያንን ክትባት ይዘው ከመንጋው ጋር የሚጓዙ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በ2011 ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በሰው ልጅ ታሪክ ከፈንጣጣ ቀጥሎ እንዲጠፋ የተደረገ ሁለተኛው በሽታ ነው። የጠፋው ወሰን ጠባቂ ስለበዛ ሳይሆን ክትባቱ መንጋው ካለበት ስለሄደ ነው።

ለሰው ሕይወት ቀጥተኛ አደጋ ስለሆነ በሽታ ደግሞ ሌላው ማስረጃ ከጎረቤታችን ከኬንያ ይመጣል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከባድ ዝናብ ሲጥልና ትንኝ ሲፈላ በጎች፣ ፍየሎችና ግመሎች ላይ ይነሣል፤ ያስጨነግፋል፣ ግልገል ይጨርሳል፣ ከዚያም በትንኝ ወይም በደምና በጽንስ ንክኪ ወደ ሰው ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ጋሪሳ አካባቢ ተነሥቶ በኬንያ ብቻ ከ150 በላይ ሰው ገደለ። በኋላ አርብቶ አደሮቹን ጠይቀው የጊዜ ቅደም ተከተሉን ያጠኑ ባለሙያዎች ያገኙት ነገር በየቢሯችሁ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አይበዛም። የመጀመሪያው እንስሳ ከታመመ በኋላ የመጀመሪያው ሰው እስኪታመም በአማካይ ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ አለፈ፤ የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት ቦታው የደረሰው ግን የመጀመሪያው እንስሳ ከታመመ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። እንግዲህ እንስሳው ተናግሮ ነበር። አርብቶ አደሩም ምልክቱን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ የትንኙን መብዛትና የመጨንገፉን ብዛት አይቷል። ለሰው ሞት መከላከያ የሚሆን ሁለት ሳምንት ተኩል በእጅ ነበር፤ የባከነውም የሚያውቀውን ሰው የሚሰማ መንገድ ስላልነበረ ነው።

አፋር ውስጥ ይህ መንገድ ከድሮ ጀምሮ አለ፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ጸጥታውና ስለ ከብቱ ጤና ያዩትንና የሰሙትን ሳያዛቡ ይለዋወጣሉ፤ የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት። የትኛው ሸለቆ ላይ ፍየል እየጨነገፈ እንደሆነ በዳጉ የሚታወቅበትና በወረዳው ሪፖርት የሚታወቅበት ጊዜ ቢለካ የሚያሸንፈውን ለመገመት ብዙ አያስቸግርም። ስለ ዳጉ ጥናታዊ ጽሑፍ የሚያቀርብ፣ በባህል ሳምንት ላይ የሚያወድስ ሞልቷል። የሚጎድለው ዳጉ የያዘውን ወሬ ባቲ ላይ ተቀብሎ ለኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም ለሰመራውም በዚያው ቀን የሚያደርስ ደመወዝተኛ ሰው ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። መጀመሪያ የሚነሣው የሥልጣን ጥያቄ ነው፤ ክልሎች በራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው ይወስናሉ፣ «ቅንጅት» የሚለው ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ የማዕከሉን እጅ ማስገቢያ ሆኗል የሚል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ከላይ ወርደው በሁለተኛው ዓመት የሞቱ ፕሮጀክቶችን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የምለው ግን የማንንም ሥልጣን ወደ ላይ አይወስድም። ሁለት አጎራባች ወረዳዎች ወይም ሁለት አጎራባች ክልሎች በአንድ የክትባት ቀን መስማማት፣ አንዱ የሰጠውን የክትባት ካርድ ሌላው መቀበል፣ የበሽታ ወሬን በ24 ሰዓት ውስጥ በስልክ መነጋገር ማለት ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የእንስሳት በሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 267/1994 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሕግ እጥረት የታመመ ከብት የለም። ይልቁንም ሥልጣናችሁን የሚሸረሽረው ወረርሽኝ ነው፤ ሲነሣ ውሳኔው ከእጃችሁ ወጥቶ የፌዴራል አስቸኳይ ጊዜ ቡድን ጉዳይ ይሆናልና።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል፣ ቸኩሎ ማለፍም ነውር ነው። የጤና ቢሮ በጀቱን ለከብት ክትባት አያውልም፤ የግብርና ቢሮም የክትባቱን ዋጋ በተረፈው ወተትና ሥጋ ብቻ ካሰላው የማያዋጣ ሊመስለው ይችላል። ሞንጎሊያ ላይ የተሠራ ጥናት ይህን ቋጠሮ በሚገባ ፈትቶታል። ተመራማሪዎቹ የውርጃ በሽታን ለመከላከል በጎችን፣ ፍየሎችንና ከብቶችን ለ10 ዓመት መከተብ የሚያስከትለውን ወጪ ከጥቅሙ ጋር አነጻጸሩ። ጥቅሙ ለእርባታው፣ ለሕክምና ወጪውና ለታማሚው ቤተሰብ ተደምሮ ሲሰላ ለእያንዳንዱ አንድ ብር ወጪ ከሦስት ብር በላይ የሚመልስ ሆነ። ወጪው እያንዳንዱ ወገን በሚያገኘው ጥቅም ልክ ቢከፋፈል ደግሞ የጤናው ዘርፍ ድርሻ 11 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚሆን አሳዩ፤ በዚያ ዋጋ ለጤናው ዘርፍ ከሚገኙ ርካሽ ሥራዎች አንዱ ይሆናል። እያንዳንዱ ቢሮ ለብቻው ሲያሰላ የማያዋጣው ነገር አንድ ላይ ሲሰላ አዋጣ ማለት ነው። አለማዋጣቱ የቢሮዎቹ እንጂ የበሽታው ሒሳብ አልነበረም። ቻድ ውስጥ ደግሞ በአርብቶ አደር ሰፈሮች የተደረገ ዳሰሳ ከብቶቹ ተከትበው ሳለ ሁሉንም ክትባት ያጠናቀቀ ሕፃን አንድም እንዳልተገኘ አሳየ። የእንስሳት ክትባቱ ቡድን እዚያ የሚደርስበት መኪናና ማቀዝቀዣ ነበረው፤ የሰው ክትባቱ ቡድን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሁለቱ ቡድኖች አብረው በመውጣታቸው ሕፃናትና እናቶች ክትባት አገኙ፤ የትራንስፖርቱም ወጪ ተጋራ። የአፋር ክልል ጤና ቢሮ የመደበኛ ክትባት ቡድኑን የሚልክበት መንገድ ሲያስቸግረው ጎረቤት ክፍል ያለው የእንስሳት ሀብት ቢሮ መኪና ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቅ አይከፋም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጮክ ብሎ አይነገርም፤ በስብሰባ ላይ ሳይሆን ሻይ ላይ ነው የሚሰማው። በሽታ መኖሩን ከተናገርን ገበያ ይዘጋብናል፣ ኤክስፖርቱ ይቆማል፣ ነጋዴው ይከስራል የሚል ነው። የዚህ መልስ ከባሕር ማዶ ካለው ገበያ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከምሥራቅ አፍሪካው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በኋላ፣ እንደገናም በ2000 በሽታው ሳዑዲ ዐረቢያና የመን ከገባ በኋላ፣ ሳዑዲ ዐረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ የቁም እንስሳ በጅምላ ከለከለች። የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር በበርበራ በኩል የሚያወጣው በግና ፍየል ለዓመታት ገበያ አጣ። ገዢው አገር የትኛው ወረዳ ንጹሕ እንደሆነ የሚያሳይ የታመነ ማስረጃ ሲያጣ ያለው አማራጭ ሁሉንም መዝጋት ነው፤ ንጹሑም ከታመመው ጋር ይዘጋበታል። መደበቅ ገበያን ያድናል የሚለው ስሌት የሚሠራው ጎረቤትም አብሮ ከደበቀ ብቻ ነው፤ አንዱ ጎረቤት ላይ ሲፈነዳ ግን የሁሉም ይወጣል። እዚህ ላይ ለነጋዴውና ለአርሶ አደሩ አንድ ነገር መታሰብ አለበት፤ የታመመ እንስሳውን ያሳወቀ ሰው ከደበቀው ሰው ይልቅ የሚጎዳ ከሆነ የሚያሳውቅ አይኖርም። ለተቀበረ በሬ ሙሉ ካሣ መክፈል የማይቻል ቢሆን እንኳ የቀሩትን ከብቶች በነጻ መከተብና የዘር ወቅት በሬ ለሚያጣ ገበሬ በዕድርም በኅብረት ሥራም ቢሆን የሚደገፍበት መንገድ ማበጀት ይቻላል። ያለዚህ ቅጣት ብቻ ይዞ የሚመጣ ደንብ ቢላዋውን ከጓሮ ወደ ጫካ ከማዛወር በቀር ምንም አያደርግም።

አራተኛው ጸጥታ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሦስቱም ክልሎች በጦርነት የሆነውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ የእንስሳት ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፣ ባለሙያዎች ተበትነዋል፣ የአንዱ ወገን ሠራተኛ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚፈራበት ቦታም አለ። በዚህ ሁኔታ መተባበር ቅንጦት ነው ሊባል ይችላል። ሆኖም የደስታ በሽታን ለማጥፋት ከተደረጉ ሥራዎች ትልቁ አንዱ የተሠራው ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በሚነድበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከብት የተከተበው ከከብት አርቢው መካከል በተመረጡና በሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ነበር። ተፋላሚዎች በብዙ ነገር ባይስማሙም የከብታቸው ሞት ለማናቸውም እንደማይበጅ ያውቁ ነበር። በእኛም አገር በግጦሽና በውሃ የተጣሉ ሰዎች ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ ሽማግሌም ያስታርቃቸዋል። እንዲያውም ሁለት ክልሎች በአስቸጋሪ ፖለቲካ ውስጥ ሆነው ንግግር የሚጀምሩበት ጉዳይ ቢፈለግ የፍየል ክትባት ከብዙው ይቀላል።

እንዲሁም «መንጋ ይዞ መዞሩ ቀርቶ አርብቶ አደሩ ቢሰፍር ነው የሚሻለው» የሚል ድምፅ አይጠፋም። በዚህ ላይ ረጅም ክርክር አልገባም። ዝናብ እዚህ ጥሎ እዚያ በሚቀርበት አገር መንቀሳቀስ የእርባታው ዘዴ ራሱ ነው፤ ሁሉም ቢሰፍር እንኳ የባቲን ሰኞ የሚያስቀር የለም፤ በሽታን ከመንጋው እግር ይልቅ የነጋዴው ጭነት መኪና አርቆ ይወስደዋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። የሦስቱ ክልሎች የግብርና፣ የእንስሳት ሀብትና የጤና ቢሮዎች መንጋው ከቆላ ከመነሣቱ በፊት ባለው ጊዜ አንድ የጋራ የክትባት ቀን ይቁረጡ፤ ባቲ፣ ሰንበቴና ሚሌ ላይ ደግሞ ከወሰኑ በሁለቱም ወገን ያለ ባለሙያ በአንድ ድንኳን ይቀመጥ። ናሙና የሚላከው ክልሉን ተከትሎ ሳይሆን ቅርብ ወዳለው ላቦራቶሪ ይሁን፤ የአፋር ናሙና ኮምቦልቻ ቢደርስ፣ የወሎ ናሙና ሰመራ ቢደርስ ማንም አይዋረድበትም፤ ውጤቱ ግን ለሁለቱም ወረዳ በአንድ ጊዜ ይድረስ። የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ በአንዱ ክልል የተሰጠው ፈቃድ ከወሰን ማዶ መንጋውን ሲከተል እንዲጸና ይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ፣ እሱም የእሷ ስልክ ይኑራቸው፤ ከዕቅዱ ሁሉ ርካሹ ይህ ስለሆነ ምናልባት ከሁሉም በኋላ የሚፈጸመው እሱ ይሆናል። ከየቢሮው በጀት ትንሽ ድርሻ ተቀንሶ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል አንድ የጋራ ሒሳብ ይከፈት፤ ሞንጎሊያ ላይ እንደታየው ድርሻው በሚገኘው ጥቅም ልክ ይሁን። የፌዴራሉ ሁለት ሚኒስቴሮች የሚጠበቅባቸው ማዘዝ ሳይሆን ክትባቱ ከቢሾፍቱ በጊዜው መውጣቱን ማረጋገጥና የክልሎቹን ስምምነት ማክበር ነው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ማን ለማን እንደሚጽፍ አትጠባበቁ። የአፋር ቢሮ ለአማራው፣ የአማራው ለአፋሩ፣ ወይም የዋግ ኽምራ ዞን ማዶ ላለው የትግራይ ወረዳ በዚህ ሳምንት ስልክ ሊደውል ይችላል፤ የመጀመሪያው ስብሰባም ኮምቦልቻ ወይም ሰመራ ላይ፣ ከመጪው በጋ በፊት ይጠራ። ቀኑን ስትቆርጡ ለሕዝብ አሳውቁት፤ ባቲ ገበያ ላይ ሰኞ ጠዋት ብታውጁት ወሬው ወደ ቆላው ከማንኛውም መግለጫ ቀድሞ ይደርሳል።